የአማቴ ቲማቲም

ቀንድ አውጣን «ምስኪን ፍጡር» የሚል ሰው ቲማቲም ተክሎ አያውቅም። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም፤ ብናደድም ግን እውነትነቱ አይቀንስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ስጽፍ ከሚኒስትር እስከ ዳቦ ጋጋሪ ያልተቆጣሁት ሰው የለም። ብዙዎቹ መልስ ሰጥተውኛል፣ ጥቂቶቹ ደንግጠዋል። ቀንድ አውጣ ግን ስትጮኹበት ቀንዱን ሰብስቦ ዝም ይላል፤ ዞር ስትሉ ካቆመበት ቅጠል ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ንቀት ከማንም ደርሶብኝ አያውቅም።

መነሻው ጣራው ነው። ባለቤቴ ከሟች አባቷ የወረሰችው የቲማቲም ዘር ነበራት። አማቴ ዕድሜውን ሙሉ በየዓመቱ ምርጧን ቲማቲም እየመረጠ፣ ዘሯን ጨርቅ ላይ አድርቆ ለከርሞ ያስቀምጥ ነበር። እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለች፣ ቆዳዋ ስስ፣ በእጅ ስትያዝ የምትሞቅ የምትመስል ቲማቲም ናት፤ ገበያ ላይ አትገኝም። ዘሩ ጓዳችን ውስጥ በጣሳ ይቀመጣል። ከጣሳው በላይ ጣራው ያፈሳል። ባለቤቴ «ኧረ ይህን ጣራ» ማለት ከጀመረች ሁለት ክረምት አልፏል። እኔ ስለ ከተማው የውሃ መውረጃ ቦዮች ቸልተኝነት ሦስት ርዕሰ አንቀጽ ስጽፍ ውሃው ጣሳው ውስጥ ገባና ዘሩ ሻገተ። ከሻጋታው የለቀመቻቸውን ብትዘራ የበቀሉት ሦስት ብቻ ናቸው።

በዚህ መሐል ትልቋ ልጃችን ሌላ ከተማ ወለደች፤ ባለቤቴም አራሷን ለመንከባከብ ሰባት ሳምንት መሄድ ግድ ሆነባት።

«እነዚህ ሦስቱ የአባቴ ናቸው» አለችኝ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ። «ከነሱ ሌላ የለኝም። ስመለስ አንዲት የበሰለች ቲማቲም አሳየኝ፤ ዘሯን አወጣለሁ።»

«ቅርጫት ሙሉ ነው የማሳይሽ!»

«አንዲት» አለች። «ቅርጫቱን ጋዜጣ ላይ ጻፈው።»

በመጀመሪያው ሳምንት ክሽክሽ መጣ። ክሽክሽ ማለት ከቅጠል ሥር ተለጥፋ እንደ ሕፃን የምትጠባ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነፍሳት ናት። ፋርማሲ የምትሠራው፣ አብራን የምትኖረው ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ እርጭበት» አለችኝ። ትንሽ የምትለውን ቃል ስለማልወድ አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና በጠበጥኩ። ክሽክሿ አለቀች። ተክሉም አብሮ አለቀ።

«በንጽሕና የሞተ የመጀመሪያው ቲማቲም» አለች ልጄ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ሁለተኛውን ተክል ቆራጭ ትል በአንድ ጠዋት ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀጨው። ትሉን አፈሩ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሰው ከገደለ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ወንጀለኛ እሱ ብቻ ነው። ምን እንደነገርኩት ማተም አይቻልም።

ቀረ አንድ። አንዱ ላይ ደግሞ አንዲት ፍሬ ብቻ ታየች፤ ሌላውን አበባ ዝናብ አርግፎት ነበር። ያን ጊዜ ነው ቀንድ አውጣዎቹ የመጡት፤ የመጡትም ከልብስ ሰፊው ግቢ ነው።

ልብስ ሰፊው የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። በመካከላችን ደረት ድረስ የሚደርስ ግንብ አለ። በወዲያ በኩል የልብስ መስፊያ ክፍሉና የጥቅል ጎመን መደቡ፣ በወዲህ በኩል የአማቴ ቲማቲም። በየጠዋቱ ከግንቡ ላይ ቀንድ አውጣ ቁልቁል ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ፤ የያዝኩትን ሁሉ ወደ ወዲያ እወረውራለሁ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። ጠየቅኩት።

«ከእርስዎ ነው እንጂ የሚመጣው» አለኝ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ። «ጎመኔን ወንፊት አድርገውብኛል፣ ጌታው።»

«የእኔ ቀንድ አውጣ የእርስዎን ጎመን ሊበላ? ቲማቲም እያለለት?»

«ጎመኔን ይሰድቡታል እንዴ?»

ክርክር በማስረጃ ነው የሚፈታው። የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ወሰድኩ። ያገኘኋቸውን አሥራ አራት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ጀርባቸውን ቀባሁና በግንቡ ላይ ወደ ወዲያ መለስኳቸው። ተመልሰው ከመጡ ከማን ግቢ እንደሚመጡ ተረጋገጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ በጋዜጣ ዘመኔ አግኝቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ ይሄ ቀለም ውድ ነው» አለች ልጄ።

«ፍትሕ ከዚያ በላይ ውድ ነው።»

«እሺ፣ ግን ሁለተኛውን ዙር እንድትቀባቸው፤ በአንድ ዙር አያምርም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዘጠኙ ተመልሰው ቲማቲሜ ሥር ተሰብስበው ነበር። ዘጠኙም ቀይ። በደስታ ዘለልኩ፤ መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ወደ ግንቡ ሮጥኩ። ልብስ ሰፊው ጎመኑ መካከል ቆሟል፤ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

«አንቱ ሰውዬ!» አልኩ። ስናደድ ሰው አከብራለሁ፤ ልማድ ነው።

ዝም።

«ማስረጃ ይዤ ነው የመጣሁት! ዘጠኝ ምስክር! መልስ ይስጡኝ!»

ዝም። ነፋስ የካፖርቱን ጫፍ ገለብ አደረገው፤ እኔ ግን ትከሻውን የነቀነቀ መሰለኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ስለ ጎረቤት ግዴታ፣ ስለ ድንበር መከበር፣ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር፣ ባለፈው ዓመት ስላጠበበብኝ ሱሪ ሳይቀር ተናገርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት አምሮልኝ አያውቅም፤ ጸሐፊ ቢኖር አንዲት ቃል አይታረምም ነበር።

«አባዬ» አለች ልጄ ከደረጃው ላይ፣ የሥራ ቦርሳዋን አንግታ። «ሰውየው ደክሞታል። ቁጭ በል በለው እንጂ።»

«ቆሞ ይስማ!»

«ጨረሱ?» አለ አንድ ድምፅ ከወዲያ በኩል። ልብስ ሰፊው የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከመስፊያ ክፍሉ ወጣ። ወደ ካፖርቱ አየሁ። ወደ እሱ አየሁ። ሁለት ልብስ ሰፊ አለ። «ይሄ ለወፍ ያቆምኩት አሻንጉሊት ነው» አለኝ፣ ልብስ የሚለካበትን የእንጨት ምስል ትከሻ መታ መታ አድርጎ። «ወፉ ሦስት ቀን ሳይሞላው ለምዶት አናቱ ላይ ያርፍ ጀመር። እርስዎ ግን ፈርተውታል፤ ያ ሁሉ አንቱታ!»

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የምትስቀው በድምፅ አልነበረም፤ ቦርሳዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

«ይሳቁ!» አልኩ። «ማስረጃውን ግን ይመልከቱ!» ብዬ አንዱን ቀንድ አውጣ ፊቱ ደቀንኩት።

ልብስ ሰፊው አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ በጣቱ አገላበጠው። «ይህቺን ሰማያዊስ አይተዋታል?»

መነጽሬን አወጣሁ። በቀዩ ነጥብ አጠገብ ሰማያዊ ነጥብ አለ። በሰማያዊው አጠገብ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ።

«ለምልክት ነው የቀባኋት» አለ፣ አይኑን ወደ ጎመኑ ዘወር አድርጎ። «እኔም በየጠዋቱ ወደ እርስዎ እየወረወርኩ ነበር። ከማን እንደሚመጣ ላረጋግጥ ብዬ።»

ለስንት ሳምንት ያችኑ ቀንድ አውጣ እየተቀባበልን ኖሯል። እንደ ኳስ። እየበላች፣ እየበረረች፣ እየበላች፣ እየበረረች፤ ከእሷ የበለጠ የተጓዘ ቀንድ አውጣ ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው አፍንጫው ተነፋ። ከዚያ እኔ፤ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ግንቡን በግራና በቀኝ ተደግፈን እምባችን እስኪወርድ ሳቅን። «ዘጠኝ ምስክር!» ይላል እሱ፤ እንደገና እንጀምራለን።

እየሳቅን ሳለ ሰማዩ ጠቆረ።

መጀመሪያ የመጣው በረዶ የሽምብራ ያህል ነበር። ሁለተኛው የለውዝ። ከዚያ በኋላ የሚወርደውን የሚለካ አልነበረም፤ ጎመኑ ላይ እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቲማቲሟን አየናት፤ ከሥሯ ብርቱካንማ ጉንጭ ያወጣች፣ በአንድ ክር ግንድ ላይ የተንጠለጠለች።

«ያዝ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። ያን ቀን ነው አንቱታው የቀረው። አሻንጉሊቱን ከነካፖርቱ ከነኮፍያው በግንቡ ላይ ወረወረልኝ። ተቀብዬው ወደቅኩ፤ ተነሥቼ ተክሉ ላይ ጎንበስ አደረግኩት፣ ካፖርቱን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘረጋሁ። ልጄ ከወጥ ቤት ድስት ወረወረችልኝ፤ ጭንቅላቴ ላይ ደፋሁት። ልብስ ሰፊው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍቶ በግንቡ ላይ ተንጠላጥሎ ወረደ። ሁለት ሽማግሌ አንድ የእንጨት ሰው ግራና ቀኝ ደግፈን ቆምን። በረዶው ድስቱን ሲመታው ያለው ጩኸት! የምንናገረውን አንሰማም፤ ግን እንናገራለን።

«ሰማዩንም በቀለም ምልክት አድርግበት!» ይላል።

«ከአንተ ግቢ ነው የመጣው!» እላለሁ።

ሲያባራ ካፖርቱን ገለጥን። ግንዱ ተቆርጧል። ቲማቲሟ ግን መሬት ላይ፣ አሻንጉሊቱ ሆድ ሥር፣ ጭረት እንኳ ሳይነካት ተኝታለች። አልበሰለችም። ባለቤቴ የምትመጣው ሐሙስ ነው፤ አራት ቀን ቀርቶታል። «የበሰለች» ነው ያለችው። ከጥሬ ፍሬ የወጣ ዘር ይበቅል አይበቅል ማን ያውቃል? ሌላ የሚሞከርም የለም። ድስቱን ከራሴ አውርጄ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሥ» አለኝ ልብስ ሰፊው። «እናቴ ውርጭ የቀደማትን ቲማቲም በሱፍ ጠቅልላ ነበር የምታበስለው። ይህ ካፖርት ንጹሕ ሱፍ ነው። አድርቄ ከመተኮሻው አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ ሙቀት አለ። ቲማቲሟን የውስጥ ኪሱ ውስጥ እናደርጋታለን።»

«የማን ካፖርት ነው?»

«የዳኛው።»

«ጨርሰኸዋል?»

«ካለቀ አምስት ወሩ።»

«ታዲያ ለምን አትሰጠውም?»

«ሐሙስ ና ብዬዋለሁ።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«እሱ ነው የሙያው ምስጢር» አለ። «በቀጠሮው ብትሰጠው ስፌት ቀላል ነገር ይመስለዋል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ ነገር ሁለት ዓምድ እጽፍ ነበር። የሰው ካፖርት አምስት ወር ደብቆ ጎመን ማስጠበቅ! ግን ቲማቲሜ ኪሱ ውስጥ ልትገባ ነው። ዋጥኩት። ጉሮሮዬ እስካሁን ያቃጥለኛል።

በየቀኑ ሄጄ ገበሩን ገልጠን እናያታለን፤ ልክ እንደ ሐኪም፣ በሁለት ጣት። ያችን ባለ ነጥብ ቀንድ አውጣም ለቀልድ አዲስ ነጥብ እየቀባን በተራ እንወራወራታለን። ሰኞ ብርቱካን መሰለች። ማክሰኞ ወደ ቀይ አዘነበለች። እሮብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደም መሰለች። «ውሰዳት» አለኝ ልብስ ሰፊው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ባለቤቴን በቀጥታ ወደ መስፊያው ክፍል አምጥቼ፣ እጄን ካፖርቱ ውስጥ ሰድጄ፣ እንደ አስማተኛ አውጥቼ ላሳያት ፈለግኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ «አንዲት» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ነበር የከረመው።

ሐሙስ ጠዋት እኔና ልብስ ሰፊው በረዶ ያበላሸውን ግቢዬን እየጠረግን ሳለ የእሱ ባለቤት ራስዋን በግንቡ ላይ ብቅ አደረገች።

«ደስ ይበልህ!» አለችው። «ከዚህ የሐሙስ ውሸትህ ገላገልኩህ። ዳኛው መጥተው ነበር። ካፖርታቸውን ከተሰቀለበት አንስቼ አልብሼ ሸኘኋቸው። እንዴት እንዳማረባቸው!»

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

«መቼ?»

«አሁን። ጥግ ላይ ሳይደርሱ አይቀሩም።»

ሮጥን። እኔ በቤት ጫማ፣ እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። እየሮጠ ይለምነኛል፤ «ምንም እንዳትነግረው! ካፖርቱ ወፍ ሲያባርር እንደከረመ ከሰማ ሙያዬ አበቃ!» ሌላው ችግር ደግሞ የእኔ ነው። ከዳኛው ጋር ሰላምታ የለንም። የዛሬ ስድስት ዓመት ጉዳይ በቀጠሮ ያንከባልላል ብዬ ጽፌበታለሁ፤ በጽሑፉ ዛሬም አላፍርም። የልብስ ሰፊውን ሐሙሶች ሳስብ ግን፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ሚዛኑን እያስተካከለ እንደነበር ይሰማኛል።

ዳኛው ታክሲ መቆሚያው ጋ ደርሷል፤ ግዙፍ ሰው ነው፣ በካፖርቱ እንደ ቁም ሳጥን ቆሟል።

«ክቡር ዳኛ!» አለ ልብስ ሰፊው እያለከለከ። «የብብቱን ልክ አንዴ ልይልዎት፤ ለአንድ ደቂቃ ይውለቅ!»

ዳኛው ካፖርቱን በሁለት እጁ ጨመቀ። «አይወልቅም! አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው! አንተ እጅ ላይ ተመልሶ ከገባ በልጅ ልጄ ሠርግ ነው የማየው!»

«ለአንድ ደቂቃ ብቻ...»

«አንተ ደቂቃ የምትለው እኔ የማውቀውን አይደለም!»

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ አየ። በዓይኑ «እቀፈው» አለኝ። ሌላ መንገድ አልነበረም። አቅፌው እጄን ወደ ውስጥ ኪሱ መስደድ፤ ያ ብቻ ነው። ግን ሰው ያለ ምክንያት አይታቀፍም። ምክንያት ፈለግኩ፤ ያለችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ለመናገር አፌ ስልሳ አራት ዓመት አልተማረም።

«ክቡር ዳኛ» አልኩ። «ስለዚያ ጽሑፍ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዳኛው ፊቱ ተለወጠ። «ስድስት ዓመት» አለ። «ስድስት ዓመት ይህን ቃል ስጠብቅ!» እኔ ሳላቅፈው እሱ አቀፈኝ። እንዴት ያለ እቅፍ! እጄ ካፖርቱ ውስጥ እንደገባ ደረቱና ደረቴ መሐል ቀረ፤ ጣቶቼ ቲማቲሟን ነክተዋል፣ ማውጣት ግን አልተቻለም። «ወንድሜ!» ይለኛል፣ ይጨምቀኛል። ከዚያ ጣቶቼ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ጭርቅ ስትል ተሰማኝ። ሙቅ ነገር በእጄ ላይ ፈሰሰ።

በዚያች ቅጽበት ከቆመው ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ ከነሻንጣዋ ወረደች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለች፣ ሁለታችን ተቃቅፈን ስታየን።

ዳኛው ፈቀቅ ብሎ ሸሚዙን አየ። ከደረቱ እስከ ሆዱ ቀይ ነው። «ደም!» ብሎ ጮኸ። «ይቅርታ ብሎ ወጋኝ!»

«ልብዎ ነው እንዴ የፈነዳው?» አለ ልብስ ሰፊው።

ባለቤቴ እጄን ያዘች። አገላብጣ አየችው። በአንድ ጣቷ ቀይዋን ነካ አድርጋ ቀመሰች። ዓይኗ ሞላ። ያች የአባቷ ጣዕም ናት፤ ከኪስ ውስጥ ብትወጣም የምትታወቅ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቃል ሳይጠፋብኝ የኖርኩ ሰው፣ «አንዲት ነበረች» ብቻ ነው ማለት የቻልኩት።

«በስላ ነበር?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

ወደ ዳኛው ዞረች። «ካፖርቱን ያውልቁ።»

«እመቤቴ፣ ይህ ካፖርት ዳግመኛ ከትከሻዬ...»

«ያውልቁ አልኩ።»

አወለቀ። ባለቤቴን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ለምን እንዳወለቀ አይጠይቅም። የውስጥ ኪሱን ጎትታ ገለበጠችው። ጨርቁ ላይ ዘሮቹ ተለጥፈዋል፤ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ሙሉ። ቲማቲም ለመብላት ነው ሙሉ መሆን ያለባት፤ ለዘር ከሆነ መፍረጧ አይቀርም።

«አባቴም ጨርቅ ላይ ነበር የሚያደርቃቸው» አለችና መሳቅ ጀመረች። መንገዱ ላይ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ የዳኛውን ካፖርት ጭኗ ላይ ዘርግታ ሳቀች። ልብስ ሰፊው ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው፤ ወፉን፣ አሻንጉሊቱን፣ ድስቱን። ዳኛው ሊቆጣ ሞከረ፤ «ሩብ ሰዓት ሙሉ ካፖርቴን ነው የተሳደበው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ድምፁ ከዳው። ሆዱን ይዞ የታክሲውን በር ተደገፈ።

ኪሱ በልብስ ሰፊው መቀስ ተቆርጦ እኛ መስኮት ላይ ተሰጣ። ልጄ ዘሮቹን ስትቆጥራቸው ስልሳ ሦስት ሆኑ።

«የእኔስ ኪስ?» አለ ዳኛው።

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። «ሐሙ...»

«ነገ» አለች ባለቤቴ። «ነገ ጠዋት። አጠገቡ ቆሜ አሰፋዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

መሰላሉን አመጣሁ። ሚስማርና መዶሻ ይዤ ወደ ጓዳው ጣራ መውጣት ስጀምር፣ ሦስተኛው እርከን ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ አገኘሁ። ጀርባዋ ላይ አራት ቀይ ነጥብ፣ አራት ሰማያዊ። ቀንዷን አወጣች፣ አየችኝ፣ አልፈራችም።

ልወረውራት እጄን አነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ የመጨረሻውን የወረወርኩት እኔ ነኝ።

«አንተ!» ብዬ ልብስ ሰፊውን በግንቡ ላይ ጠራሁት። «ና ተቀበል፤ ተራው ያንተ ነው!»